ጉዳዩ፦ አንድ ጉብታ ስለመጠየቅ

ለአዲሱ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ነዳፊዎችና አሠሪዎች፣
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣
ለኢትዮጵያ አየር ኃይል፣
ባላችሁበት።

ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። አውሮፕላን ፎቶ የማነሳ ሰው ነኝ። ጋዜጠኛ አይደለሁም፤ ስቱዲዮም የለኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን በዳቦ ፌስታል ጠቅልዬ ከቤት እወጣለሁ። ፌስታሉ ለዝናብ አይደለም። ረጅም ሌንስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ኤርፖርት አካባቢ የሚዞር ሰው ብዙ እንደማይራመድ ስለማውቅ ነው።

ባለቤቴ "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ትለኛለች። አልከራከራትም። በውጭ አገር እንደኔ ያለውን ሰው ስፖተር ይሉታል። እኛ ጋ ገና ስም አልወጣልንም። ጥበቃዎች ብቻ አንድ ስም አላቸው፤ "አንተ!" ነው የሚሉን።

ነገሩ ለማያውቀው ግራ ያጋባል። ትንሽ ላብራራ። እያንዳንዱ አውሮፕላን እንደ መኪና ታርጋ አለው። የኛዎቹ ታርጋ በኢቲ ይጀምርና ሦስት ፊደል ይከተላል። ስፖተር ያንን ታርጋ አይቶ ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሳል። ቤቱ ገብቶ ደግሞ አውሮፕላኑ መቼ እንደተሠራ፣ ከዚህ በፊት የማን እንደነበረ ይፈልጋል። የኳስ አፍቃሪ የተጫዋች ዝውውር ሲከታተል አይታችኋል? እንደሱ ነው። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ላይ የመጀመሪያው ድሪምላይነር፣ ማለትም ቦይንግ 787፣ ቦሌ አረፈ። ከአፍሪካ አየር መንገዶች 787 በመረከብ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ነበረች። ታርጋው ኢቲ-ኤኦኪው ነው። ከዓመታት በኋላ እነዚያን ፊደሎች በሌንሴ ውስጥ ሳነብ የድሮ የክፍል ጓደኛዬን ታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ልባችን ያለው ተዋጊ ጄት ላይ ነው። የኔም እዚያ ነው። ምክንያት አለኝ።

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንለው። ከሐረር ሜዳ የሚነሱት ጄቶች በቤታችን ቆርቆሮ ላይ ያልፋሉ። ትምህርት ቤት መምህሩ ጄት ሲያልፍ ንግግሩን ያቆማል። ጠመኔውን እንደያዘ ይጠብቃል። ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም አይስቅም፤ የለመድነው ነው። እኛ ልጆቹ ወደ መስኮት ሳንዞር በድምፅ ብቻ እንለያቸው ነበር። ኤል-39 መለማመጃዋ ታፏጫለች። ሚግ-23 ሲነሳ ቆርቆሮው ይንጫጫል። 1991 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ሱ-27 መጣ። የሱ ድምፅ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚገባው።

ጊዜው የጦርነት ነበር። እኛ ልጆች ነን፣ እናጨበጭባለን። ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ግን አያጨበጭቡም። ልጃቸው የአየር ኃይል ሰው ነው። ጠዋት በረንዳቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡና የሚነሱትን ይቆጥራሉ። ቡና ተፈልቶ ቢጠሩም አይመጡም። ሲመለሱ ደግሞ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ከገጠመ "ተመስገን" ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። አንድ ቀን አልገጠመላቸውም። እስኪመሽ እዚያው በርጩማ ላይ ቀሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው። አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ አርፎ ኖሯል፤ ልጁም ደህና ነበር። እኔ ግን ያን አቀማመጥ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሕይወቴ ያየኋቸው የመጀመሪያዋ ስፖተር እሳቸው ናቸው።

ይህን የምነግራችሁ ልባችሁን ለማራራት አይደለም (ቢራራም አልጠላ)። አውሮፕላን መቁጠር ስለላ እንዳልሆነ፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ቆጠራ ቀልድ እንዳልሆነ ሁለቱንም አውቃለሁ ለማለት ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ሠርግ ወደ አንድ የክልል ከተማ ሄድኩ። የከተማውን ስም ልተወው። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ከኤርፖርቱ አጥር ውጪ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ቆምኩ። የሚመጣው ኪው-400 ነው። ባለሁለት ፕሮፔለር፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም።

ፕሮፔለር ያለውን ማንሳት እንደ ጄት አይደለም። ጄትን በአንድ ሺኛ ሰከንድ ብታነሱት ጥርት ብሎ ይወጣል። ፕሮፔለሩን በዚያ ፍጥነት ካነሳችሁት ግን ምላጮቹ ደርቀው ይቆማሉ። አውሮፕላኑ በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይመስላል። ስለዚህ ፍጥነቱን ወደ አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ፣ ካስፈለገም ከዚያ በታች ታወርዱታላችሁ። ያኔ ፕሮፔለሩ ክብ ጭጋግ ይሠራል። ችግሩ፣ የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አብሮ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ክርን ከጎን ጋር አጣብቆ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ወገብን ብቻ እያዞሩ አውሮፕላኑን መከተል ነው። ከ30 ፎቶ 27ቱ ይበላሻል።

ያን ቀን አንዱ ወጣልኝ። ጎማዎቹ መሬት ሊነኩ አንድ ክንድ ሲቀራቸው፣ ሁለቱ ፕሮፔለሮች ክብ ሠርተው፣ ከኋላ የክረምት ደመና። አጉልቼ እያየሁት ሳለ "አንተ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጥበቃው ወጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ፊት አለው።

"ምንድነው የምታነሳው?"

"አውሮፕላን።"

"ለምን?"

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ያሸንፈኛል። "ደስ ስለሚለኝ" አልኩት።

"ደስ ስለሚልህ" ብሎ ደገመው፤ እንደ ምስክር ቃል እየመዘነው። "እስቲ አሳየኝ።"

አሳየሁት። በእጁ ጥላ ሠርቶ ጎንበስ አለ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "እንዴ! አምሮበታል" አለ። ፕሮፔለሩ ለምን ክብ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በየቀኑ ሲያርፍ የሚያየው አውሮፕላን ነው፤ እንዲህ ግን አይቶት እንደማያውቅ አጫወተኝ። አንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ጓደኛሞች አወራን። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ቀበቶውን አስተካክሎ፣ "በል አሁን ሰርዘው" አለኝ።

"ክልክል ነው እንዴ?"

"ክልክል ነው መሰለኝ።"

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ይህቺ "መሰለኝ" ናት። ልጁ ክፉ አይደለም። ኪሱ ውስጥ "ይህ ይፈቀዳል፣ ይህ አይፈቀድም" የሚል አንድ ገጽ ወረቀት የለውም። ፈቅዶ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ነው። ከልክሎ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። በሱ ቦታ ብሆን እኔም "ሰርዘው" እላለሁ። ሰረዝኩ። ሠላሳውንም።

ይህ "መሰለኝ" የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 አሥራ ሁለት እንግሊዛውያንና ሁለት ኔዘርላንዳውያን ስፖተሮች ግሪክ ውስጥ ካላማታ በሚባል የአየር ኃይል ሰፈር ተያዙ። ደብተራቸው ላይ የተገኘው የአውሮፕላን ቁጥር ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ከእንግሊዝ ድረስ ገንዘቡን ከፍሎ መጥቶ የጄት ቁጥር በእስክሪብቶ የሚለቅም ሰው ሰላይ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ከአምስት ሳምንት በላይ ታሰሩ። በ2002 ስምንቱ በስለላ ሦስት ሦስት ዓመት፣ ስድስቱ በተባባሪነት አንድ አንድ ዓመት በገደብ ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁሉንም በነፃ አሰናበተ።

እኔ በዚህ ታሪክ ግሪኮቹን አልስቅባቸውም። ከቱርክ ጋር ያላቸውን የቆየ ፍጥጫ ለሚያውቅ ሰው የጥበቃው ፍርሃት ይገባዋል። የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ዛሬ በዚያችው ግሪክ፣ ከአቴንስ ብዙም በማይርቀው የታናግራ የአየር ኃይል ሰፈር የአየር ትርኢት ሲኖር ከየአገሩ የመጣ ፎቶ አንሺ ትኬት ቆርጦ በበር ይገባል። የተከለከለውም ገመድ ተወጥሮበት ይታወቃል።

(በነገራችን ላይ ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ካሜራ ይዛችሁ የምትወጡ ወንድሞቼ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት እንግሊዛውያን ፉጃይራ ኤርፖርት አጠገብ በዚሁ ነገር ተይዘው ሁለት ወር ገደማ ታስረዋል። ጠይቃችሁ አንሱ።)

ሰላም የሰፈነበትን አገር ተሞክሮ እያመጣሁ አላደክማችሁም። ዌልስ ውስጥ ማክ ሉፕ የሚባል ሸለቆ አለ። ተዋጊ ጄቶች እስከ 250 ጫማ፣ ማለትም 76 ሜትር ድረስ ዝቅ ብለው ይለማመዱበታል። ፎቶ አንሺዎቹ ተራራው ወገብ ላይ ቴርሞሳቸውን ይዘው ይቀመጡና ጄቱን ከላይ ወደ ታች ያነሱታል። የአብራሪው የራስ ቁር ሳይቀር ይታያል። መከላከያ ሚኒስቴራቸው የዝቅታ በረራውን የሰዓት ሰሌዳ አስቀድሞ ለሕዝብ ያወጣል። እቀናለሁ፤ አልዋሽም። ግን ይህንን ለአገሬ አልጠይቅም። የነሱ ጄት ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ሻይ ሰዓቱ ነው የሚሄደው።

ለኛ የሚቀርበው የማንችስተር ኤርፖርት ነው። ከማኮብኮቢያው አጥር ውጪ ጉብታ ሠርተው፣ አጠገቡ መኪና ማቆሚያ አድርገው፣ ጡረታ የወጣች ኮንኮርድ፣ ከድምፅ ትፈጥን የነበረችውን የመንገደኛ ጄት፣ አቁመውበታል። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል። መኪና ያቆመ ይከፍላል። በእንግሊዝ አንዳንድ ኤርፖርቶች ደግሞ ፖሊስ ስፖተሮቹን መዝግቦ መታወቂያ ሰጥቷቸዋል። በየቀኑ እዚያው የሚቆም፣ የአጥሩን እያንዳንዱን ምሰሶ በቃሉ የሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚደውለው እሱ ነው። እኛን ከማባረር ስልክ ቁጥራችንን መያዝ ይሻላችኋል ለማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር።

የኛ ሰዎች "ሳተላይት ሁሉን ያያል፤ የኛ ካሜራ ምን ይጨምራል?" ይላሉ። እኔ ይህን ክርክር አልወደውም። ሳተላይት ከላይ ነው የሚያየው። ክንፉ ሥር ምን እንደተንጠለጠለ፣ ጭራው ላይ ያለው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚያየው አጥር ሥር የቆመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት እስረኞችን በድብቅ ያመላለሰባቸውን አውሮፕላኖች ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ የስፖተሮች ፎቶና መዝገብ ነበር። ለአየር ኃይል በምጽፈው ደብዳቤ ይህን ማንሳቴ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ግን "ፎቶ ምንም አያሳይም" ብዬ ብዋሻችሁ የቀረውን ቃሌን እንዴት ታምኑታላችሁ?

ፎቶ ያሳያል። ለዚህም ነው መስመር የሚያስፈልገው። ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ የመንገደኛ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ ማንሳት ይፈቀዳል ይባል። የጦር ሰፈር ውስጥ ያለን ነገር ማንሳት ክልክል ነው ይባል፤ ማንም አይቃወምም። የጦር አውሮፕላን አየር ላይ ሲያልፍ የታየ እንደሆነስ? እዚህ ላይ እናንተው ወስኑ። እኔን ብትጠይቁኝ በሰላም ጊዜ ይነሳ፤ ቦታውና ሰዓቱ ግን አብሮ አይለጠፍ፣ ፎቶውም ሳይሰነብት አይውጣ እላለሁ። ግጭት ባለበት ጊዜ ካሜራው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። እትዬ እንኳ ቁጥሩን ለጎረቤት አይናገሩም ነበር። የካቲት ላይ መሪዎች ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲመጡም እንደዚሁ። ለስፖተር ከዚያ የበለጠ ሠርግ የለም፤ የስንት አገር መሪ አውሮፕላን በአንድ ሳምንት ቦሌ ይሰለፋል። ቢሆንም እኔ ያን ሳምንት ቤቴ ነኝ። ለጥበቃውም ለኔም የሚሻለው እሱ ነው።

ብቻ ይጻፍ። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ እንግሊዝኛውን አንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ በየአጥሩ ለጥፉት። ጥበቃውም ያንብበው፣ እኔም ላንብበው። ድሮኑን አልነካሁም፤ ድሮን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ማኮብኮቢያ አጠገብ ሲበር ካየሁ መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ።

"ፎቶው ለአገር ምን ይጠቅማል?" ለምትሉ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አገራችን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ እዚሁ አገር ውስጥ "ፀሐይ"ን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችውን። ጣሊያን ሲወረን ወሰዳት። ሮም አቅራቢያ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ውስጥ ከርማ በጃንዋሪ 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እዚያ በነበረችበት ዘመን አብዛኞቻችን የምናውቃት በፎቶ ብቻ ነበር። ያም ፎቶ ባይኖር አገሬው ስሟንም ባላወቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውንም ተመልከቱ። ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከነስዊድን አሠልጣኞቹ መጣ። ሳብ-17 መጣ፣ ኤፍ-86 መጣ፣ ኤፍ-5 መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ የኛ ኤፍ-5 አብራሪዎች ሚግ-21 ሲጥሉ የዓለም የጦር አየር ኃይል ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ሥራ ሠሩ። የዚያን ዘመን አውሮፕላኖች ፎቶ ስፈልግ ግን ብዙውን የማገኘው በስዊድንና በአሜሪካ አሠልጣኞች የግል አልበም ነው። ፈረንጁ ካሜራ ማንሳት ስለተፈቀደለት አነሳ። የኛ ሰው፣ እዚያው ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም የዋለው ቴክኒሺያን፣ ያለው ፎቶ አንድ ጉርድ ነው። እሱም ለመታወቂያ የተነሳው።

እስራኤል አገር ያለ አንድ ወዳጄ ደግሞ የእናቱን አውሮፕላን ሲፈልግ ነበር። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን 35 አውሮፕላኖች በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከቦሌ ወስደዋል። አንዱ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኗል። እናቱ የምታስታውሰው ወንበር እንዳልነበረውና ጭራው እንደሚከፈት ነው። "ጭራው የሚከፈት ከሆነ ሄርኩለስ የሚሉት የጦር ማመላለሻ ነው" አልኩት። የቱ ሄርኩለስ? ታርጋውን ማን ጻፈው? ያን ቀን ቦሌ አጥር ሥር አንድ ሥራ ፈት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ለወዳጄ እናት ዛሬ የምናሳያት ነገር ይኖር ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። አቡሴራ ላይ አዲሱ ኤርፖርት ሥራው ተጀምሯል። ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ንድፉ ወረቀት ላይ እያለ፣ አጥሩ ሳይታጠር፣ አንድ ጉብታ ጨምሩልን። ማኮብኮቢያ ሲደለደል የሚዛቅ አፈር መቼም አይጠፋም። ከሱ ላይ ጥቂት ገልባጭ መኪና ብቻ ከአጥሩ ውጪ ከምሩልን። ከአጥሩ ጫፍ ትንሽ ከፍ ይበል። ወይም እንደ አንዳንድ ኤርፖርቶች አጥሩ ላይ ሌንስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይኑር። ሳር ቢኖረው ደስ ይለናል፤ ባይኖረውም እንቀመጣለን።

የት ይሁን ለምትሉ፣ እዚህ ላይ እንኳ ሙያ አለን። በዚህ በኛ ኬክሮስ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ስለሆነ ከሰሜን በኩል የቆመ ሰው በነዚህ ወራት ፀሐይን ፊት ለፊት ያገኛታል። አውሮፕላኑ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣበታል። ከደቡብ የቆመ ግን ፀሐይ በጀርባው ናት፤ ታርጋውም፣ በጭራው ላይ ያለው አረንጓዴ ቢጫ ቀይም ቁልጭ ይላል። ስለዚህ ጉብታው ፀሐይን ከኋላ የሚያደርግ ይሁን። ለማኮብኮቢያውም ጠጋ ይበል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ይሞቅና አየሩ መርገብገብ ይጀምራል። ያኔ ራቅ ብሎ የሚታይ አውሮፕላን ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል፤ የፈለገ ሌንስ ቢኖራችሁ አያወጣችሁም።

አንድ ነገር እናጣለን፤ ይህን ለወዳጆቼ ነው የምለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ከባድ አውሮፕላን ረጅም መንገድ ይንደረደራል፤ ተነሥቶም ቶሎ አይመነጠቅም። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ለካሜራ እየተመቻቸ ነው የሚሄደው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ለአየር መንገዱ ነዳጅና ጭነት ትርፍ ነው፤ ለኛ ግን አውሮፕላኑ ቶሎ ያመልጠናል። ይሁን፤ አንከስም።

ከዚያ መሬት የተነሡ ገበሬዎች እያሉ ስለ ፎቶ ማውራት ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። ጉብታው ሥር ቡናና በቆሎ የሚሸጥበት ቦታ ይኖራልና ለነሱ ልጆች ይሰጥ። ቅዳሜና እሑድ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲበዛ እናያለን። ዛሬም እኮ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቦሌ አጥር ሥር መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሞተር ሳያጠፉ፣ ጥበቃ ሲመጣ ሊሄዱ።

ለአየር ኃይላችን ያለኝ ጥያቄ ያንሳል። ቢሾፍቱ ላይ የአየር ትርኢት አሳይታችሁናል፤ በስልኩ ያላነሳ ሰው አልነበረም። የትርኢቱ ቀን እንግዳ ይበዛል፣ ፕሮቶኮል ይበዛል። የልምምዱን ቀን ስጡን። ስማችንን ከሳምንት በፊት መዝግቡ፣ መታወቂያችንን ያዙ፣ በአንድ ገመድ ውስጥ አቁሙን፣ ከኋላችን ወታደር ይቁም። ወደዚያ አትዙሩ ካላችሁን አንዞርም። መውጫ ላይ ፎቶውን እዩት፤ የማይሆን ካለ ያኔ "ሰርዝ" በሉ፣ ምክንያቱን ታውቁታላችሁና ቅር አይለንም። የቀረውን አንድ ቅጂ ለናንተ በነፃ እንሰጣለን። ከ50 ዓመት በኋላ ታሪካችሁን የሚጽፍ ልጅ ስቶክሆልም መጻፍ አያስፈልገውም። ካልተከፋችሁ ደግሞ አንድ ቀን የድሮ ቴክኒሺያኖቻችሁን ጥሩና በፈቱትና በገጠሙት አውሮፕላን ፊት እናንሳቸው። ብዙዎቹ ቢሾፍቱ ውስጥ ናቸው፤ ጊዜ ግን አይጠብቅም።

መልሳችሁን በደብዳቤ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። "ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም" ቢልም ግድ የለኝም፤ የተጻፈ ነገር ነው የምፈልገው።

ከሰላምታ ጋር፣

አንድ የቢሾፍቱ ልጅ

ግልባጭ፦
– በርጩማቸው ላይ ለነበሩት እትዬ (ነፍስ ይማር)
– በዚያ የክልል ከተማ ለነበረው ወጣት ጥበቃ፦ ወንድሜ፣ የሰረዝኩትን ፎቶ እዚያው ማታ ሆቴል ገብቼ ከካርዱ ላይ በሶፍትዌር መልሼዋለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ለማንም አላሳየሁም። በትልቁ አሳትሜልሃለሁ፤ ወረቀቱ ሲደርስህና "ይፈቀዳል" የሚል ከሆነ መጥቼ እሰጥሃለሁ።